እርሳስ

ለዮሌ ቦርከናን ከሚቀላቀልበት፣
መንጠቆ ጥዬ ነው ዕድሜን የገፋሁበት።
ሰኞ ሰማያዊ፣ ረቡዕ ቀይ ይሆናል፤
ውሃው እንደ ሸማ ቀለም ይነከራል።
አምባዛው ግን አለ፣ ጭቃ ይወዳልና፣
ጢሙን እያወዛወዘ በደለሉ ጎዳና።

ሥጋ ቤት ደጃፉን ዐይቶ እሚያልፈው ሁሉ፣
“አንድ ጣልልኝ” ይላል፣ በዱቤ፣ በቃሉ።
ጭንቅላቱን ብቻ ለኑርዬ አስቀራለሁ፤
“አሣ ልብ ይሰጣል” ሲሉ ስለሰማሁ።
“የራሱን ሥጋ ብላ፣ ራስህ እንዲሰላ፤
ፊደሉ እንዲገባህ፤ አብሽር ልጄ፣ ብላ።”

“ልጅህ ቶሎ ይረሳል” ያሉኝ ለት መምህሩ፣
ሌላ ጭንቅላት ጨመርሁ፣ እንዲጠና ነገሩ።

ትብለጥ የምትባል ከኮሌጅ የመጣች፣
ባለ ነጭ ጋውን ልጅ ሦስት አምባዛ ገዛች።
በዋጋ አልተሟገተች፤
ጉበቱን፣ ስንጥቡን፣ ሥጋውን ለያየች፣
በየብልቃጥ ከታ ቁጥር ጻፈችለት፤
አሣዬ ስም አገኘ፣ አንዱ “ቦ አሥራ ሁለት”።
ሳቅሁ፤ እኔ ሳልማር አሣዬ ኮሌጅ ገባ!

ጎርፉ ጎድሎ መጣች፣ መስከረም ሲጠባ።
ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ወረቀት ዘርግታ፣
“ካድሚየም”፣ “ክሮሚየም”፤ ከዚያም አመንትታ፣
“እርሳስ።”

“እርሳስ?” አልሁ እየሳቅሁ። “እርሳስማ ከሱቅ፣
ለኑርዬ እገዛለሁ፣ የያዘው ሲያልቅ።”

“ያ አይደለም፣ ጋሼ። ይሄኛው አይጽፍም።
ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው፣ ቢቀቅሉት አይጠፋም።
ሎሚ አያሸንፈው። እንግዳ ሆኖ መጥቶ፣
አጥንት ውስጥ ይኖራል፣ እንደ ድንጋይ ተጎልቶ።
ለትልቅ ሰው ክፉ ነው፣ ለሕፃን ግን ይብሳል፤
ያየውን፣ ያጠናውን፣ ቀስ እያለ ያስረሳል።
አሣ ጠላት አይደለም፤ ጥሩ ምግብ ነው አሣ፤
ይሄኛው ነው እንጂ የሰው ሸክም ያነሣ።”

“ልጄስ?” አልኋት።
“አላውቅም” አለችኝ። “ደሙ ይመርመር።”
የት እንደሚመረመር ጠየቅሁ።
ወረቀቷን አጠፈች።
የጎፍ ላይ ደመና ነበር፤ እሱን ሳይ ቆየሁ።

ፋብሪካውን ልርገም? የእህቴ ልጅ ጀማል፣
በዚያው ቀለም ቤት ነው፤ እናቱን ያኖራል።

ማታ፣ ኑርዬ ሲተኛ፣
ቃሉን ሰነጠቅሁት እንደ አሣ ሆዱን፣
“እርሳ” አለኝ ከውስጡ፤ አየሁት ጉዱን።
የትኛውን ልርሳ?
የመጀመሪያውን ጭንቅላት? ወይ ያንን የጨመርሁትን?

ጠዋት ጦይባ መጣች፣ ሳህኗን ሸፍና፤
ሰባተኛ ወሯ ነው፣ ሆዷ ቀድሟት ገና።
“ምን ያዝህ ዛሬ?”
“ምንም።”
አምባዛው ባልዲ ውስጥ በጅራቱ መታ።
ሰማሁ።
ሰማች።
“ዱቤዬ በዛ መሰል” አለች ተቆጥታ።

“ወላሂ ዱቤ አይደለም፤ እርሳስ አለበት” ብላት፣
ሳቀች፣ እንደኔ ያኔ። ምን ብዬ ላስረዳት?
ሳህኗን ገልብጣ ሄደች፣
ባዶ መሆኑን መንደሩ እንዲያይላት።

እኔና ባልዲው ቀረን።
ወንዝ ብመልሰው ሌላ መንጠቆ አለ፤
ድመቷ ብሰጣት፣ እሷስ ምን በደለች?
ከጓሮ፣ ከፓፓያው ሥር ቆፍሬ ቀበርሁት፤
አፈሩን በእግሬ ረገጥሁት፣ መላልሼ ረገጥሁት።

ዘንድሮ ፓፓያው፣
እንደዚህ አፍርቶም አያውቅ።
“አባ፣ በሰለ እኮ!” ይላል ኑርዬ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣
አንጋጦ፣ እየዘለለ።
ቢላዋ ይዤ ቆሜአለሁ፤
“ነገ” እለዋለሁ።
ነገ፣ ቢረሳው ብዬ።
ደግሞ ባይረሳው ብዬ።